የሁለት ሰከንድ ብልጭታ፦ ሳተላይቶች ከሰማይ ስለሚለቅሙት ጨረር

(በሽኩና ዳሌት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በአማርኛ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ።)



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ኩፓት ሆሊምና ስለ አርኖና ክፍያ ተነጋግረን ልንበተን ስንል አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስለ ሰማይ ያወራኛል፤ ጋማ፣ ጋማ ይለኛል። እኔ የማውቀው ጋማ የፈረስ ነው፤ ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ልጅ በእብራይስጥ የተማረውን እናቱ በአማርኛ የምትሰማበት ቦታ ካልተገኘ፣ ቀስ በቀስ ለእናቱ መንገሩን ይተዋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ ጋማ ነው፤ ስለ ፈረሱ ሳይሆን ስለ ሰማዩ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም። የምነግራችሁ ተመራማሪዎች አሳትመው ያወጡትን ነው። ዓመቶቹንም የምጠራው እዚህ እንደለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንፍታ። ጋማ የግሪኮች ሦስተኛ ፊደል ነው። የእብራይስጡ ጊሜልና የግዕዙ ገምል ከእርሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ፊደላት ናቸው፤ እዚሁ ከተማችን ያለው ሽኩና ጊሜል የተሰየመበት ፊደል ማለት ነው። ሳይንቲስቶች ልዩ ልዩ ጨረሮችን ሲያገኙ በግሪክ ፊደል ተራ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ ብለው ሰየሟቸው። በስሙ ውስጥ የተደበቀ ምሥጢር የለም፤ «ሦስተኛው» እንደ ማለት ነው።

ነገሩ ራሱ ብርሃን ነው። በቀስተ ደመና ላይ ከቀይ እስከ ሐምራዊ የምናየው ዓይናችን የሚችለውን ብቻ ነው። ከቀይ ወዲህ ዓይን የማያየው፣ ቆዳ ግን የሚያውቀው ብርሃን አለ፤ ምጣድ ሲግል ሳትነኩት እጃችሁን ከላይ ብትዘረጉ የሚሰማችሁ ሙቀት እርሱ ነው። ከሐምራዊው ወዲያ ደግሞ በዚህ በነገቭ ፀሐይ ፊታችንን የሚያቃጥለው አለ። ከዚያ አልፎ ራጅ የምንለው፣ ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያሳየው ብርሃን ይመጣል። ከራጅም ወዲያ ያለው፣ ከሁሉም ኃይለኛው፣ ጋማ ነው።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ ከሰማይ ከመጣ አይጎዳንም ወይ?» ብሎ ነው። አይጎዳንም። በላያችን ያለው አየር ቀላል ይምሰል እንጂ ሁሉም ሲደመር 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ያህል ይከብዳል። የሰማይ ጋማ ይህን ሁሉ አልፎ እኛ ዘንድ አይደርስም። ለእኛ መከታ የሆነው ግን ለተመራማሪው ችግር ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ጋማን ሊያይ ስለማይችል የግድ መሣሪያውን ከአየሩ በላይ መስቀል አለበት። ሳተላይት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በስለላ ነው። በ1963 አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረትና እንግሊዝ የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ ላለመሞከር ተፈራረሙ። መፈራረም አንድ ነገር ነው፤ መተማመን ሌላ። አሜሪካኖች በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቬላ የሚባሉ ሳተላይቶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ማምጠቅ ጀመሩ። እነዚህ ከመሬት ከ100 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ርቀው እየዞሩ፣ ማንም በድብቅ ቦምብ ቢያፈነዳ የሚወጣውን የጋማ ጨረር እንዲያዩ የተሰቀሉ ዘበኞች ነበሩ።

ጁላይ 2 ቀን 1967፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ማለት ነው፣ እዚህ አገር የስድስቱ ቀን ጦርነት ካበቃ ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ቬላዎቹ አንድ የጋማ ብልጭታ መዘገቡ። በዕለቱ ማንም ልብ አላለውም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1969፣ ሬይ ክሌበሳደልና ሮይ ኦልሰን የተባሉ የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ሠራተኞች የቆየውን መዝገብ ሲያገላብጡ አገኙት። ነገሩ ቦምብ አይመስልም ነበር። የቦምብ ጋማ በአንድ ቅጽበት ቦግ ብሎ ወዲያው ይከስማል። ይህኛው ግን መጀመሪያ አጭር ብልጭታ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለሰከንዶች የቆየ ሁለተኛ ብልጭታ ነበረው።

ከየት እንደመጣ እንዴት ማወቅ ይቻላል? በሰሜን ተራሮች አንድ ሰው ጥይት ቢተኩስ፣ በሁለት ሸንተረር ላይ የቆሙ ሁለት እረኞች ድምፁን እኩል አይሰሙትም፤ ለተኳሹ የቀረበው ይቀድማል። ሁለቱ የሰሙበትን ጊዜ ያነጻጸረ ሰው ተኳሹ በየት በኩል እንደነበረ ሊገምት ይችላል። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎሜትር ስለሚሄድ፣ ከ200 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ሊራራቁ በሚችሉ ሁለት ሳተላይቶች መካከል ከግማሽ ሰከንድ የሚበልጥ መቀዳደም ሊኖር ይችላል። ኋላ የመጠቁት ቬላዎች ሰዓታቸው ይህን ለመለካት የሚበቃ ነበር። ክሌበሳደል፣ ኦልሰንና ባልደረባቸው ኢያን ስትሮንግ ቢያሰሉት፣ ብልጭታው ከመሬትም ከፀሐይም አልመጣም፤ ከሩቅ ጠፈር ነው። በ1973 እንዲህ ያሉ 16 ብልጭታዎችን ዘርዝረው አሳተሙ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው፣ ሰዎቹ «የምንፈልገው ቦምብ አይደለም» ብለው መዝገቡን አለመጣላቸው ነው።

አሁን መሣሪያውን እንመልከት፤ ልጆቹ የሚወዱት ክፍል ይህ ነው። ሳተላይቱ ጋማን የሚያየው በመስተዋት አይደለም። ጋማ በመስተዋት ተመልሶ አይሰበሰብም። የሚጠቀሙበት ጨው የሚመስል ክሪስታል ነው፤ ሶዲየም አዮዳይድ ይባላል፣ ከገበታ ጨው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አንድ የጋማ ፍንጣሪ ክሪስታሉን ሲመታ፣ ክሪስታሉ ውስጥ ደቃቅ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ከክሪስታሉ ጀርባ ያለው መሣሪያ ያንን ይይዝና «አንድ» ብሎ ይቆጥራል። ብርሃኑ የጠነከረ ከሆነ የመጣው ፍንጣሪ ኃይለኛ ነበረ ማለት ነው፤ ደከም ያለ ከሆነ ደካማ። በትልልቅ ሆስፒታሎች የታይሮይድ ወይም የልብ ምርመራ ለማድረግ ከበሽተኛው አጠገብ የሚቀርበው የጋማ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ክሪስታል ነው። ስለዚህ «ጋማ» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ማሽኑ ተቀባይ እንጂ ላኪ አይደለም።

ፌርሚ የሚባለው ሳተላይት በሰኔ 2008 ሲመጥቅ እንዲህ ያሉ 12 ክሪስታሎችን በየአቅጣጫው አዙሮ ይዞ፣ ሁለት ሌላ ዓይነትም ጨምሮ ነው የወጣው። በየአቅጣጫው መዞራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ምድጃ አጠገብ ብትቀመጡ እሳቱ በየት በኩል እንዳለ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ጉንጫችሁ ከሌላው ይበልጥ ይሞቃል። ሳተላይቱም የትኛው ክሪስታል ብዙ፣ የትኛው ጥቂት እንደቆጠረ አነጻጽሮ አቅጣጫውን ይገምታል። ግምቱ ሰፊ ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ለምን እንዲህ ባለ ዘዴ ይለፋሉ? ብልጭታው ቀጠሮ ስለሌለው ነው። የትኛው ቀን፣ የትኛው የሰማይ ማዕዘን እንደሚበራ ማንም አያውቅም። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲረዝም ደግሞ ጥቂት ደቂቃ። ቴሌስኮፕ አዙሮ ለማነጣጠር ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መሣሪያው ሌት ተቀን ሰማዩን ሁሉ እየጠበቀ፣ የቆጠረውን ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻው እያቆየ ይኖራል። ቁጥሩ ከወትሮው በላይ ድንገት ሲያሻቅብ ብቻ «ይህን አስቀምጡ» ይላል፤ ከማሻቀቡ በፊት የነበረውንም ጨምሮ። ሊቃውንቱ ያንን የመጀመሪያ ብልጭታ ከኋላው ከሚቀረው ፍም ይለያሉ። ብልጭታው ካለፈ በኋላ በቦታው ለቀናትና ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚከስም ፍም ይቀራል፤ እርሱን በመሬት ላይ ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል። ከዚህ በስተደቡብ በሚጽፔ ራሞን አጠገብ በ1971 የተቋቋመው የዋይዝ የኮከብ መመልከቻ እንዲህ ያለውን ፍም ከተከታተሉት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ብልጭታ ግን የሳተላይት ሥራ ነው፤ ያመለጠው አመለጠ፣ ተመልሶ አይመጣም።

በሚያዝያ 1991 ኮምፕተን የሚባል ትልቅ ሳተላይት መጠቀ። በላዩ የነበረው ባትሲ የተባለ መሣሪያ በአማካይ በቀን አንድ ብልጭታ ይመዘግብ ጀመር። ቀኑን ልብ በሉ። በቀጣዩ ወር፣ ሜይ 24 እና 25፣ በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲጓጓዙ፣ ያ መሣሪያ ከአውሮፕላኖቹ በላይ ሆኖ ይቆጥር ነበር። ሥራውን በ2000 እስኪጨርስ 2,704 ብልጭታዎችን መዝግቧል። ሁሉንም በሰማይ ካርታ ላይ ቢያስቀምጧቸው በአንድ በኩል አልተከማቹም፤ በሰፌድ ላይ እኩል እንደተበተነ ጤፍ ናቸው። ከራሳችን ፍኖተ ሐሊብ የሚመጡ ቢሆኑ ኖሮ በዚያች ነጭ መቀነት ላይ በተሰለፉ ነበር። በዓይነትም ሁለት ሆነው ተገኙ፦ ከ2 ሰከንድ በታች የሚቆዩ አጫጭሮችና ከዚያ በላይ የሚቆዩ ረጃጅሞች።

ርቀታቸው የተረጋገጠው በ1997 ነው። የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት የሆነው ቤፖሳክስ ፌብሩዋሪ 28 ቀን አንድ ብልጭታ ይዞ፣ ወዲያው ፍሙ ያለበትን ቦታ አሳየ። ያ ሳተላይት መረጃውን ወደ መሬት ያወርድ የነበረው በጎረቤታችን በኬንያ፣ ማሊንዲ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ባለው ጣቢያ ነበር። በኅዳር 2004 የመጠቀው ስዊፍትም በዚያው ጣቢያ ተጠቅሟል። ሳይንስ ሁሉ በአሜሪካና በአውሮፓ ብቻ እየተሠራ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው የጠቀስኩት። በዚያው በ1997 በግንቦት የታየ ሌላ ፍም ርቀቱ ሲለካ በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ሆነ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በእግር ብትሄዱ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ትደርሳላችሁ። ተማሪዎቹ በደረጃችን ላይ ብስክሌታቸውን የሚያቆሙት ጎረቤቶቻችን ናቸው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዴቪድ አይክለር የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ ያስተምሩ ነበር። በ1989፣ ኢትዮጵያና ኢስራኤል የተቋረጠ ግንኙነታቸውን ባደሱበት ዓመት፣ እኚህ ሰው ከማሪዮ ሊቪዮ፣ በኢየሩሳሌም ካለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ከጽቪ ፒራንና ከአሜሪካዊው ዴቪድ ሽራም ጋር ሆነው ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ።

ጽሑፉ ስለ ኒውትሮን ኮከቦች ነው። ትልቅ ኮከብ ሲሞት መሐሉ ተጨምቆ የሚቀረው አካል ኒውትሮን ኮከብ ይባላል። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከዚህ ተነሥቶ ራሃትን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከእርሱ አንድ ማንኪያ ቢዛቅ ተራራ ያህል ይመዝናል። በ1974 እንዲህ ያሉ ሁለት ኮከቦች አንዱ ሌላውን ሲዞር ተገኝተው ነበር፤ እየዞሩም ቀስ በቀስ እየተቀራረቡ መሆናቸው ታወቀ። እነ አይክለር ያሉት ይህን ነው፦ እንዲህ ያሉ ጥንዶች በመጨረሻ ይጋጫሉ፤ ሲጋጩም የጋማ ብልጭታ ይወጣል፤ ከሚረጨውም ትኩስ ቅሪት እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ማዕድናት ይሠራሉ። ከዚህ የተወሰነውን ሌሎችም ከእነርሱ በፊት አስበውት ነበር። ብልጭታውንና ወርቁን ባንድ ላይ አገናኝቶ ማስቀመጡ ግን የዚያ ጽሑፍ ድርሻ ነው። በጊዜው ብዙ ተመራማሪዎች ብልጭታዎቹ ከራሳችን ፍኖተ ሐሊብ የሚመጡ ይመስላቸው ነበር። ባትሲም ገና አልመጠቀም። ስለዚህ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ። 28 ዓመት ጠበቀ።

ኦገስት 17 ቀን 2017፣ ሐሙስ ዕለት፣ በዚህ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 15:41 ላይ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41፣ በአሜሪካ ያሉት ሁለቱ የሊጎ መሣሪያዎች፣ ከጣሊያኑ ቪርጎ ጋር በመሆን ሲጠብቁ፣ አንድ ንዝረት ያዙ። ከባድ ነገሮች ሲጋጩ ጠፈር ራሱ እንደተመታ የከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰሙት ያንን ነው። ንዝረቱ ካበቃ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ አንድ የጋማ ብልጭታ ቆጠረ። የቆየው 2 ሰከንድ ያህል ነው። ደካማ ነበር፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማንም ሁለተኛ ጊዜ ባላየው ነበር። የሳተላይቱ ኮምፒዩተር ግን ማንንም ሳይጠይቅ በ14 ሰከንድ ውስጥ ማስታወቂያ አሰራጨ። ኢንተግራል የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይትም ያንኑ ብልጭታ በመዝገቡ አገኘው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቴሌስኮፖች ሲፈልጉ ቆይተው፣ ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ በቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ ፍሙን አገኘው፤ ከእኛ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቅ የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት የፍሙ ቀለም ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ፣ ከባድ ማዕድናት እየተሠሩ መሆኑን አነበቡበት። የተሠራው ወርቅ ብቻውን ከመሬታችን ክብደት ሊበልጥ እንደሚችል ተገምቷል። በእርግጥ በዓለም ያለ ወርቅ ሁሉ ከእንዲህ ያለ ግጭት ብቻ ነው የመጣው ማለት አይደለም፤ ሌላም ምንጭ ሊኖረው ይችላል። የ1989ኙ ጽሑፍ ያላቸው ሁለቱ ነገሮች ግን፣ ብልጭታውም ከባዱ ማዕድንም፣ በአንድ ግጭት ላይ ታዩ።

ብልጭታው ለምን ደካማ እንደሆነም ታወቀ። ጋማው የሚወጣው እንደ ባትሪ መብራት በጠባቡ ተወርውሮ ነው። ባትሪው ፊታችሁ ላይ ከተነጣጠረ ያሳውራችኋል፤ ወደ ጎን ከሆነ ጭላንጭሉን ብቻ ታያላችሁ። የ2017ቱን ያየነው ከጎን ነበር። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ግልጽ ነው፦ በጠፈር ውስጥ ከሚፈነዱት አብዛኞቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያበሩ እኛ አናያቸውም።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ነገር አለ፤ ከርዕሴ ጥቂት ቢወጣም ልናገረው። በጎንደር ዙሪያ ብዙዎቹ አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች፣ እናቶቻችንም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ማረሻውንና ማጭዱን ለጎረቤት ሠርተው ሰጥተው፣ ማታ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ከእሳትና ከብረት ጋር የሚውል ሰው ክፉ ኃይል አለው ይባል ስለነበር ነው። ከእናንተ መካከል ይህ ስድብ በጆሯችሁ የደረሰ ታላላቆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብረቱ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ግን፣ ኮከቦች ሲፈነዱ የበተኑት ነው። በማረሻው ያለው ብረትና በደማችን ያለው ብረት አንድ ነው፤ የቀጥቃጩም፣ የሰዳቢውም ደም ውስጥ ያለው። የጣታችሁ የሠርግ ቀለበትም ምድር ሳትፈጠር በፊት በሆነ የሰማይ ግጭት ውስጥ የነበረ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችሁ ስለ አያቶቻቸው ሙያ ሲጠይቋችሁ ይህን አብራችሁ ንገሯቸው።

ወደ ብልጭታዎቹ ልመለስ፤ ትልቁን ገና አልነገርኳችሁም። ልጆች፣ በመጽሐፋችሁ የብልጭታ ስም ስታዩ ቁጥሩ ቀን ነው፤ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ከዚያ ዕለቱ። 170817 ስትሉ አሁን የነገርኳችሁ ነው። 221009 ደግሞ ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ይሆናል። ያ ቀን እሑድ ነበር፤ የሱኮት ዋዜማ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም.። በየደጁ ዳስ ሲተከል፣ በየቤቱ ለበዓለ መጸለት ወጥ ሲወጠወጥ፣ ከቀኑ 16:17 ላይ፣ ማለትም በእኛ 10 ሰዓት ከ17፣ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ የጋማ ብልጭታ መሬት ደረሰ። ብርሃኑ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ተጉዟል፤ ሲነሣ በምድር ላይ ዛፍም እንስሳም አልነበረም።

በዚያ ሰዓት የመጣበት የሰማይ ክፍል ከቤር ሼቫም ከአዲስ አበባም በላይ ነበር፤ የሁለቱ ከተሞች ሰዓትም ያን ቀን አንድ ዓይነት ነበር። እዚህ ያላችሁትም፣ እዚያ የቀሩ ዘመዶቻችሁም፣ በአንድ ቅጽበት ከሥሩ ቆማችሁ ነበር። ማንም አልተሰማውም፤ አየሩ ያዘው። አየሩ ራሱ ግን ተሰምቶታል። ከላይ ያለውና የሬዲዮ ሞገድ የሚመልሰው ክፍል በብልጭታው መታወኩን መሣሪያዎች መዝግበዋል። ከቢሊዮን ዓመታት ርቀት የመጣ ብርሃን የመሬትን አየር ነቀነቀ ማለት ነው።

ዘበኛው ፌርሚም ታወረ። ፍንጣሪዎቹ እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ ክሪስታሎቹ አንዱን ቆጥረው ሳይጨርሱ ሌላው ይደርስ ነበር። በዝናብ ጠብታ የምትቆጥር ሰው ጎርፍ ሲመጣባት ምን ታደርጋለች? የፌርሚ ሰዎች ቁጥሩን አሳምረው አላቀረቡም። «ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ ያለው ልኬት የማያስተማምን ነው» ብለው ምልክት አደረጉበት። የቀረውን ክፍተት የሞሉት የቻይና ሳተላይቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ ጌካም፣ በዚያ ሰዓት በነበረበት አሠራር ጎርፉ አላጥለቀለቀውም ነበርና የብልጭታውን ጫፍ ለካ። በቻይና ተራሮች ላይ 4,400 ሜትር ከፍታ ያለው ላሶ የሚባል የምርምር ጣቢያ ደግሞ አየሩን ሲመታ የሚፈጠረውን ርጭት ቆጥሮ ከ64 ሺህ በላይ እጅግ ኃይለኛ ፍንጣሪዎችን መዘገበ። የሁሉም ልኬት ሲገናኝ፣ እንዲህ ያለ ብርቱ ብልጭታ መሬት ላይ የሚደርሰው በ10 ሺህ ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ እንደሆነ ተመራማሪዎች አሰሉ።

ስዊፍት የሚባለው ሳተላይት ደግሞ ከ50 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው ፍሙን ያየው። ፍሙ በጣም ስለደመቀ መጀመሪያ የቅርብ ነገር፣ የራሳችን ፍኖተ ሐሊብ አካል መሰላቸው። ከፌርሚ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት ነው እውነቱ የወጣው። የመጀመሪያውን ብልጭታ የመዘገበ ዓይን ባይኖር ኖሮ በሩቅ የሆነውን የቅርብ አድርገን ልንቀር እንችል ነበር። ይህ ምን ያህል ነገር በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳያል።

ያልተፈታም ብዙ ነው። ተወርውሮ የሚወጣው ነገር በምን መንገድ ያንን ጋማ እንደሚያበራ፣ እርስ በርሱ በመጋጨት ይሁን በማግኔት ኃይል፣ ክርክሩ አላለቀም። አጭር የሆነ ሁሉ ከኒውትሮን ኮከቦች ግጭት፣ ረጅም የሆነ ሁሉ ከትልቅ ኮከብ ሞት ነው ይባል ነበር፤ ይህም ደንብ ደጋግሞ ተጥሷል። ጁላይ 2 ቀን 2025 ደግሞ ከአንድ ቦታ ለሰዓታት እየተመላለሰ የሚበራ ብልጭታ ተመዘገበ፤ ከታወቁት ሁሉ ረጅሙ። ቬላዎቹ የመጀመሪያውን ካዩ ልክ በ58ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ጥቁር ጉድጓድ ኮከብ ሲበላ ነው የሚሉ አሉ፤ በየትኛው መንገድ በላው በሚለው ላይ ግን አንድ ቃል አልሆኑም።

እኔ የያዝኩትን ጨረስኩ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ልጆችም በእብራይስጥ ብትጠይቁ እኔ በአማርኛ ለወላጆቻችሁ እመልሳለሁ።